መነጽሩ ያያት ሴት

ድዳ ናት ብዬ የማውቃት አክስቴ አፏን ከፍታ ስትናገር የሰማሁት በሰባት ዓመቴ ነው። በእጄ የያዝኩት ዳቦ መሬት ሲወድቅ አልታወቀኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ የሚያስደነግጥ ነገር ገጥሞኛል፤ አውቶብስ ከነሰዉ ሲገለበጥ አይቻለሁ። የዚያን ቀን ያህል ግን ደሜ ቀጥ ብሎ አያውቅም።

እናቴ ዓይነ ስውር ናት። ዓይኗ የጠፋው እኔ ገና ዳዴ ሳልል ስለሆነ፣ እኔ የማውቃት እናት ሁልጊዜ ግድግዳውን በጣቶቿ ጫፍ ዳበስ እያደረገች የምትሄድ፣ ሻይ ስትቀዳ አንድ ጣቷን ብርጭቆው አፍ ላይ የምታሳርፍ ሴት ናት። ፀጉሬን ስትሠራኝ ግን ዓይን ካላቸው የጎረቤት እናቶች ሁሉ ይልቅ ቀጥ ያለ መስመር ታወጣ ነበር። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። የሥራ ባልደረቦቿ «ሰው ‹ሄ› ካለ ‹ሎ› እስኪል እንኳ አትጠብቅም፣ ማን እንደሆነ ታውቀዋለች» ይሉ ነበር። አባቴ ቤት ቀለም ቀቢ ነው። ቢታጠብ ቢታጠብ ጥፍሩ ሥር የሌላ ሰው ሳሎን ቀለም አይጠፋም።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። እናቴ ሥራ ስትሄድ ትመጣለች። ቤት ትጠርጋለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጋ ዳቦዬን ትሰጠኛለች። ቃል ግን አይወጣትም። ስትስቅ እንኳ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ዓይኖቿ ደግሞ መቼም ደርቀው አያውቁም። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት የምትከትፈው እሷ ስለሆነች ይህ አልደነቀኝም።

ከሰዓት በኋላ የእናቴ ነጭ በትር ደረጃውን ኳ ኳ ማድረግ ሲጀምር አክስቴ ጫማዋን ታወልቅና በእጇ ትይዛለች። ወዲያው ግን አትሄድም። ኩሽናው በር ላይ ቆማ እናቴ ካፖርቷን ስትሰቅል፣ ወንበሯን ፈልጋ ስትቀመጥ፣ እኔን ጠርታ ስታቅፈኝ ታያታለች። ከዚያ በጓሮ በር ሹልክ ትላለች። ጫማውን የምታወልቀው የጠረገችውን ወለል መልሳ ላለማቆሸሽ ይመስለኝ ነበር።

አባቴን ጠይቄው ነበር። ብሩሽ እያጠበ ነበር፤ ቀና አላለም።

«አክስትሽ መናገር አትችልም» አለኝ።

«ለምን?»

«እንዲያው ነው። ለእናትሽ ስለ እሷ እንዳታነሺባት። በጣም ይከፋታል።»

ይህ ወዲያው ገባኝ። እህቷ ድዳ ሆና የማይከፋው ማን አለ? እናቴ እንዳይከፋት ብዬ አንድም ቀን አንስቼባት አላውቅም። እናቴም አንስታ አታውቅም። ነገሩ እኔ በገባኝ ልክ የተስተካከለ ነበር።

መነጽሩን ይዘው የመጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ወጣት ሴት ናት፤ ሥራዋ መጠየቅ ብቻ ስለነበር እኔና አባቴ «ጠያቂዋ» አልናት። ሌላው ገመድ ሲፈታና ሲጠቀልል የሚውል ረጅም ሰውዬ ነው፤ እሱ «ባለገመዱ» ሆነ። መነጽሩ ወፍራም ጥቁር ነው። በአንድ ጎኑ የዝንብ ዓይን የመሰለች ካሜራ አለችው። ፊት ለፊቱ ያለውን አይቶ ለለበሰው ሰው በጆሮው ይነግራል።

«መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ስንሞክረው ጥሩ ይሠራል» አለች ጠያቂዋ። «ግን እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ስንሞክረው ሌላ ነው። በሰው ቤት፣ በሰው ኑሮ ውስጥ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን እርስዎ ነዎት የሚነግሩን።»

«የማይረባ ከሆነ የማይረባ ነው እላለሁ» አለች እናቴ።

«እሱን ነው የምንፈልገው።»

ጠያቂዋም እንድትሰማ ድምፁን በትንሽ ሳጥን አወጡት። ዜና አንባቢ የመሰለ የወንድ ድምፅ ነው። እናቴ አድርጋው ወደኔ ዞረች። «አንዲት ትንሽ ልጅ። ምላሷን አውጥታለች» አለ። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ ጠያቂዋ ስትመጣ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። መጀመሪያውን አልሰማሁም። ስደርስ እንዲህ ትላለች፦

«ቤት ውስጥ ይረዳዎታል?»

«አንዳንዴ።»

«የሚያስቸግርዎት ምኑ ነው?»

«ወሬው። ስፈልገው ዝም፣ ሳልፈልገው ጆሮዬ ሥር ይለፈልፋል።»

«ሲተኙስ?»

«እሱማ አጠገቤ ነው።»

«ቢወሰድብዎት ይከፋዎታል?»

«እንጃ። ያለ እሱም ኖሬያለሁ።»

«እንግዲህ ወሩ ሲያልቅ ካልጠቀመዎት ይዘነው እንሄዳለን።»

በቤታችን ውስጥ እናቴ ጆሮ ሥር የሚለፈልፍ፣ አጠገቧ የሚተኛ ወንድ አንድ ብቻ ነው። አባቴን ሊወስዱብኝ ነው። ደግሞ እናቴ እንጃ አለች!

እየሮጥኩ ሄጄ ሱሪውን ያዝኩት። «አባዬ፣ ዝም በል። ብዙ አትለፍልፍ።»

«ምን አደረግኩሽ?»

«ጠቃሚ ሁን በቃ!»

«እሺ እመቤቴ» ብሎ ሳቀ። የሚስቅበት ጉዳይ አለመሆኑን እንዴት ላስረዳው? ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ከሥራ ስትመጣ እየገፋሁ በሩን አስከፍተዋለሁ፣ ጫማዋን አስወለውለዋለሁ፣ አንድ ቀልድ ሲጀምር እግሩን እረግጠዋለሁ። እናቴ «ይሄ ሰው ምን ሆኗል?» አለች፤ እኔም እየሠራልን ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ያ ቀን ደረሰ። እናቴ ለሙከራው ብላ ከሥራ ቀርታ ነበር። ሰዎቹ ከሰዓት እንመጣለን ብለው ስለነበር፣ አክስቴ እናቴ ገላዋን እየታጠበች ሳለ በጓሮ ገብታ ምግቡን ምድጃው ላይ ልታስቀምጥና ልትወጣ አስባ ነበር። ሰዎቹ ግን ረፋዱ ላይ መጡ። ባለገመዱ ከጓሮው መብራት ስቦ የጓሮው በር ላይ ገመዱን ዘርግቶ ተቀመጠበት። አክስቴ ኩሽና ውስጥ ቀረች። ጫማዋን እንደያዘች ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«ዛሬ» አለች ጠያቂዋ «ማንም ሳይመራዎት ኩሽና ይገባሉ፣ ውኃ ቀድተው ይመለሳሉ። እኔ ከኋላዎ ነኝ፤ ሌሎቻችሁ ባላችሁበት ቆዩ።»

አባቴ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ፊቱ ራሱ የሚቀባውን ኖራ መስሏል። «ኩሽናው… ኩሽናው አልተጠረገም። እዚሁ ሳሎን ብትሞክሩት።»

«እንደወትሮው የሆነ ቤት ነው የሚሻለን» አለችው ጠያቂዋ በትህትና።

እናቴ ተነሳች። በትሯን ወንበሩ ላይ ትታ ሄደች። ሳጥኑ ይናገራል፦ «በር። በግራ ምድጃ። ድስት። የድስቱ ክዳን ተገልብጧል። ጠረጴዛ። የውኃ ማሰሮ።» እናቴ ብርጭቆ አነሳች፣ ጣቷን አፉ ላይ አድርጋ ቀዳች፣ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። እኔ ዳቦዬን እየገመጥኩ ከበሩ አያለሁ። ልትመለስ ዞር ስትል ድምፁ አንድ አፍታ ዝም ብሎ ቀጠለ፦

«አንዲት ሴት። ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ጫማዋን በእጇ ይዛለች። እያለቀሰች ነው።»

ብርጭቆው ከእናቴ እጅ ወድቆ ተሰባበረ።

«ወይ ጉድ!» አለች ጠያቂዋ። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «ድምፅ ሳታሰማ የቆመችን ሰው ለየ! አየኸው?» ባለገመዱ ከውጭ አውራ ጣቱን አሳያት። ከዚያ ነው ዞር ብላ የሁላችንንም ፊት ያየችው። ድምፅዋ ቀነሰ። «ይቅርታ… ሌላ ሰው መኖሩን አላወቅንም። ማን ናቸው?»

የጠየቀችው አባቴን ነው። አባቴ ወለል ወለሉን ያያል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ያን የመሰለ ቀላል ጥያቄ! መልስ ካልሰጠ ይዘውት ሊሄዱ ነው፤ ስለዚህ ባለኝ አቅም ሁሉ ጮኽኩለት።

«አክስቴ ናት! የእማዬ እህት ናት! ድዳዋ!»

ምን እንደማደርግ ባውቅ ኖሮ ያን ያህል አልጮኽም ነበር። ዛሬ ሳስታውሰው ከሁሉም በላይ የሚታየኝ የእናቴ ፊት ነው። ቀለሙ ተገፍፎ፣ አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ ሰው ድንገት በጥፊ ሲመታ ከማልቀሱ በፊት የሚሆነውን ሆኖ።

«ድዳ?» አለች።

ያኔ አክስቴ ተናገረች።

«እህት ዓለሜ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ዳቦዬ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። አክስቴ መናገሯ ብቻ አይደለም ያስደነገጠኝ። ድምፁ የእናቴ ድምፅ ነበር። ያው ጎርነን ያለ፣ ያው መጨረሻው ላይ የሚሰበር። እናቴ አፏን ሳትከፍት የእናቴ ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ ወጣ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የገባኝ፦ መነጽሩ ለዓይነ ስውር ተሠርቶ ድዳ አዳነ። አጨብጭቢ አጨብጭቢ አለኝ። ግን ማንም ደስ አላለውም።

እናቴ መነጽሩን ከፊቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መነጽሩ እዚያም ሆኖ ይናገራል፤ «ጣሪያ» ይላል፣ «አምፖል» ይላል።

«ውጪልኝ» አለች እናቴ።

አክስቴ በባዶ እግሯ፣ የብርጭቆውን ስባሪ እየዘለለች ወጣች። ባለገመዱ ከበሩ ተነስቶ አሳለፋት።

«አንተም» አለች እናቴ ወደ አባቴ ዞራ። አባቴም ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ጠያቂዋ ተንበርክካ ስባሪውን ትለቅም ጀመር። ባለገመዱ ማንንም ሳያይ ገመዱን ጠቀለለ።

ነገሩን በልኩ የሰማሁት አድጌ ነው። እናቴን ዓይኗን ማመም ሲጀምራት ሐኪም ቤት የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። አክስቴ ደግሞ ሰዎች በጣም የሚያወሩለትን የዓይን ጠብታ ከየትም ፈልጋ አመጣችላት። «ስንቱ ድኖበታል፤ ቢላዋ ከሚነካሽ መጀመሪያ ይሄን ሞክሪው» አለቻት። ክፋት አልነበራትም፤ ሌሊቱን ሁሉ ተቀምጣ የምታንጠባጥብላት ራሷ ነበረች። ስንቱ እንደዳነበት ግን የጠየቀ የለም። ቀጠሮው አለፈ። እናቴ ሐኪሙ ፊት ስትቀርብ «ቀደም ብለሽ መጥተሽ ቢሆን» አላት፣ ሌላ የሚላት አልነበረውም። ያን ቀን እናቴ ለእህቷ «ከእንግዲህ ድምፅሽን በቤቴ አልስማ» ብላ ማለች።

አክስቴም መሐላውን አከበረችላት። ድምፅዋን በቤቷ አላሰማችም። እናቴ በሌለችበት ሰዓት እንኳ፣ እኔና እሷ ብቻችንን ስንሆን እንኳ፣ ቃል ሳይወጣት ዓመታት አለፉ። በድብቅ እየመጣች እንድትሠራ፣ እሱም የሠራሁት እኔ ነኝ እንዲል ሐሳቡን ያመጣው አባቴ ነው፤ ቀለም ቀቢ፣ ዓይኗን ያጣች ሚስትና ጡት የምትጠባ ልጅ ይዞ ቤት እንዴት እንደሚቆም ጨንቆት።

ያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ የሰው ድምፅ የጠፋበት ሳምንት ነው። አባቴ የሚሠራው ሾርባ ወይ ያራል ወይ ይጨዋል። እሱ ሶፋ ላይ ይተኛል። እኔ ፈተናውን እንደወደቀ ገብቶኛል። ልብሱን ለጉዞ እንዲሰበስብ ልነግረው እያሰብኩ አፌ እምቢ ይለኛል፤ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ግን የእሱን አንድ ካልሲ ደበቅኩ፣ ካልሲው ከጎደለ አይሄድም ብዬ።

ወሩ ሲያልቅ ጠያቂዋ ብቻዋን መጣች። በሩ ላይ ብዙ ቆመች።

«ስለዚያ ቀን…» አለች።

«ግቢ» አለቻት እናቴ። «ጥያቄሽን ጠይቂ። ለዚያ አይደል የመጣሽው?»

ጠያቂዋ ተቀመጠች። ስለ ባትሪው ጠየቀች፣ ስለ ክብደቱ ጠየቀች። ከዚያ፦ «ያን ቀን የነገረዎት ነገር… ጠቅሞኛል ይላሉ?»

«የማላውቀውን አልነገረኝም» አለች እናቴ።

አባቴ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። «ምን አልሽ?»

«የሰማኸውን።»

«ታውቂ ነበር?»

«አንተ ሽንኩርት እንደዚያ ትከትፋለህ?» አለችው። «የድስት ክዳን ገልብጦ የሚያስቀምጥ ከዘራችን እሷ ብቻ ናት፤ እናታችን ስንት ጊዜ ጮኸችባት! ሥራዬ ሰውን በትንፋሹ መለየት ነው፤ እህቴን ነው የማጣት? ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ።»

አባቴ ወንበር ፈለገ። ዓመታት ሙሉ ሲደብቅ፣ ሲሳል፣ ድስት ሲያንኳኳ፣ እሷ መውጣቷ እንዳይሰማ ብሎ ሲዘፍን ኖሯል። «ታዲያ ምነው… ምነው ዝም አልሽ?»

«ምዬ ነበራ! ካላወቅሁ መሐላዬ አይፈርስም፣ እሷም ትመጣለች። ጥሩ አድርገን እየኖርን ነበር። ይሄ ነገር ሰው ፊት ጮኾ ሲናገር ግን ምን ልበል? እንዳልሰማ ልሁን?»

ጠያቂዋ እጇ ላይ ያለው፣ መልስ የምትመዘግብበት ሰሌዳ መብራቱ ጠፍቶባት ነበር፤ መልሳ አላበራችውም። «እና… ይቆይ ወይስ ልውሰደው?» አለች።

ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቼ እናቴ ጉልበት ላይ ተጠመጠምኩ። «ይቆይ! እማዬ ይቆይ! ጫማሽን የሚወለውልልሽ እሱ ነው! ሁለተኛ አይለፈልፍም፣ ነግሬዋለሁ! ሾርባውንም ይለምዳል!»

ቀድማ የገባት እናቴ ናት። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አባቴ ዘግይቶ ሲገባው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ጭንቅላቱን ያዘ። ካልሲውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት።

«ይቆይ» አለች እናቴ ለጠያቂዋ። «መነጽሩም ይቆይ። የመድኃኒትና የአውቶብስ ጽሑፍ ያነብልኛል። ሰው ሲያይ ግን ከመናገሩ በፊት ይጠይቀኝ።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። «አንተ ደግሞ ሂድና ጥራት። በፊት ለፊት በር ትግባ።»

አክስቴ ጫማዋን አድርጋ መጣች። እኔ ይተቃቀፋሉ ብዬ ነበር። ተጣሉ እንጂ! በሩን ዘግተው፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ፣ ስለ ጠብታው፣ ስለ ቀጠሮው፣ ስለ እናታቸው፣ ስለ አንድ የልጅነት ቀሚስ ሳይቀር ተጯጯሁ። ውጭ ደረጃው ላይ ከአባቴ ጋር ተቀምጠን እንሰማለን። ድምፃቸው አንድ ስለሆነ የትኛዋ እንደምትከስ፣ የትኛዋ እንደምትመልስ መለየት አይቻልም። ድዳ የነበረችው አክስቴ ያጠራቀመችውን ቃል ሁሉ በአንድ ቀን ጨርሳ እንዳትቀር ሰጋሁ። አባቴ አቀፈኝ።

እናቴ ይቅር ብዬሻለሁ ስትላት ሰምቼ አላውቅም። አክስቴ ግን በማግስቱ መጣች፣ ከዚያም ወዲህ ቀርታ አታውቅም፤ መናገርም ከጀመረች የሚያስቆማት የለም።

ጠያቂዋን ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አገኘኋት። አሁንም ሰው ለዕቃው ሳይሆን ዕቃው ለሰው ይሆን እንደሆነ እየጠየቀች ትኖራለች። የዚያ ቀን ሙከራ የተመዘገበው «ትክክል» ተብሎ ነው አለችኝ። በአጠገቡ ልትጽፈው የፈለገችው ነገር የሚጻፍበት ቦታ አጥታ እንደነበርም ነገረችኝ።

ይህን ለእናቴ ልነግራት የሄድኩ ጊዜ አንድ ነገር ከነከነኝ። አክስቴ ገበያ ወጥታ ነበር።

«እማዬ፣ መኖሯን ካወቅሽ ብርጭቆው ለምን ከእጅሽ ወደቀ?»

እናቴ እጄን ፈልጋ ያዘችው።

«መኖሯንማ አውቃለሁ» አለች። «ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ቆማ ታለቅስ እንደነበር ግን ማን ነገረኝ?»